የሚያብጠው ግድብ

ዙቤዳ ሐሙስ ማታ የጎረቤቷን የጥሩብርሃንን የቆርቆሮ በር ስታንኳኳ ዓይኗ ደርቆ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልቅሳ እንባዋ አልቆ፣ በምትኩ ቁጣ ገብቶባታል።

"ከሊፋን እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊያወጡት ነው" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ክሱንም ገና ዛሬ ነገሩኝ።"

"ምን አደረገ አሉ?"

"በር ሞረደ አሉ።"

ጥሩብርሃን በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "የምን በር?"

"የግድቡን የውሃ በር ነዋ! አውቆ፣ ሆን ብሎ፣ አብዮቱን ለማደናቀፍ ሞረደው አሉ። ጥሩዬ፣ አንቺ የሲሚንቶ ሰው ነሽ። ከሊፋ አሥራ አራት ዓመት እንደ ልጁ የጠበቀውን በር ለምን ይሞርዳል? ንገሪኝ።"

ከሊፋ የዙቤዳ ባል ነው። በሎያ ግድብ የመካኒኮች ኃላፊ ነበር። ግድቡ በሃምሳ ሦስት ሜትር ኮንክሪት ወንዙን ዘግቶ መብራት ማመንጨት ከጀመረበት ከ1961 ዓ.ም. አንስቶ እዚያው ሠርቷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ኮልፌ ይወርዳል፤ ሁለት ቀን ከቤተሰቡ ጋር አሳልፎ ይመለሳል። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ታስሯል አሉ። መጀመሪያ የመዳብ ሽቦ ሰርቆ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ የለም፣ ጉዳዩ የፖለቲካ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሚናገር ሰው ጠፋ።

የሆነው እንዲህ ነው። ክረምቱ ገፍቶ ሐይቁ ጢም ሲል፣ ትርፍ ውሃ የሚለቀቅበት ሁለተኛው የብረት በር እኩሌታው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አልወጣም፣ አልወረደም። ከሊፋ በገመድ ታስሮ ወርዶ የበሩን ጠርዝ በሞረድና በግራይንደር እየፋቀ ሁለት ቀን ታገለና አላቀቀው። ውሃው ተለቀቀ። ከግድቡ በታች ያሉት መንደሮች ከምን እንደተረፉ ሳያውቁ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣው የመርማሪ ቡድን ግን የተቀረቀረ በር አላየም። ያየው የተሞረደ ብረት ነው።

ጥሩብርሃን ይህን ከዙቤዳ አፍ ሰማች። በሩ ለምን እንደተቀረቀረ ታውቃለች። ምናልባት በከተማው ውስጥ ከእሷና ከአለቃዋ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

"እትዬ ዙቤዳ፣ በሩ አይደለም" አለች። "ግድግዳው ነው። ግድግዳው እያበጠ በሩን ጨመቀው።"

ዙቤዳ ትኩር ብላ አየቻት። "ኮንክሪት ያብጣል?"

"ያኛው ያብጣል።"

"ታዲያ ይህን ስታውቂ ሦስት ወር ምን አፍሽን ዘጋው?"

ጥሩብርሃን ክሱን እንዳልሰማች ልትናገር ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ዙቤዳ ፊት ላይ ያለውን አይታ ተወችው።

ጥሩብርሃን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ አባቷ በሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በየማለዳው ፌርማታው ላይ ተጋፍታ አውቶቡስ ትይዝና መሐል ከተማ ወዳለ የግንባታ ዕቃዎች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ሥራዋ ኮንክሪት መስበር ነው። ናሙናውን በማሽን ትጨፈልቅና በስንት ክብደት እንደተሰበረ ትጽፋለች። የሰፈር ሰው "ድንጋይ ለመስበር ነው ያን ያህል የተማርሽው?" እያለ ይቀልድባታል።

ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ከሎያ ግድብ ስድስት ናሙናዎች መጡ። ከግድግዳው ውስጥ በመሰርሰሪያ ተቦርብረው የወጡ፣ ክንድ የሚያህሉ፣ የግንድ ቅርጽ ያላቸው ኮንክሪቶች ናቸው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ በዝቷል፣ የደረቀ ጭቃ መስሏል፣ ጥንካሬውን ንገሩን የሚል ደብዳቤ አብሯቸው ነበር። ሦስቱን ሰበረች። ጥንካሬያቸው ብዙም አያሳፍርም። የተሰበረው ፊት ላይ ግን ያላሰበችውን አየች። ከሲሚንቶው ጋር የተቀላቀሉት መስታወት መሰል ድንጋዮች ዙሪያቸውን ጥቁር ቀለበት ይዘዋል፤ ከቀለበቱ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር ይወጣል። በጣቷ ነካችው፤ ያጣብቃል። በሁለተኛው ቀን ደርቆ እንደ ኖራ ነጣ።

ተማሪ ሳለች አንድ መምህር ስለዚህ ነገር አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሯቸው ነበር። አንዳንድ ድንጋይ ከሲሚንቶው ውስጥ ካለው ጨው ጋር አይስማማም። ውሃ ሲያገኙ ሙጫ ይሠራሉ፤ ሙጫው ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ጥሩብርሃን የቀሩትን ሦስቱን ናሙናዎች አልሰበረችም። እርጥበትና ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ አስገባቻቸውና በየሰኞው ርዝመታቸውን ሰዓት በመሰለች መለኪያ ለካች። አደጉ። በየሳምንቱ፣ ፀጉር በማይሞላ ልክ፣ ግን ሳያርፉ አደጉ።

አለቃዋ አቶ በዛብህ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሁሉ ጽፋ ያቀረበችላቸውን ሪፖርት ሁለት ጊዜ አነበቡና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

ዓርብ ጠዋት ቢሯቸው ገብታ "ሪፖርቴን ስጡኝ" አለቻቸው።

"የትኛውን?"

"የሎያን። ሰው ታስሮበታል።"

አቶ በዛብህ ተነስተው በሩን ዘጉ። "ስሚ፣ ጥሩብርሃን። የግድቡ ሁለተኛ ምዕራፍ የመጀመሪያው ድንጋይ ከተፈለጠበት ከዚያው ካባ በወጣ ድንጋይ እየተሠራ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ይመረቃል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። አሁን እኔ ተነስቼ ለማን ነው ግድቡ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ነው የምለው?"

"ለሁሉም።"

"ስድስት ልጆች አሉኝ።"

"ጋሽ ከሊፋም አራት አላቸው።"

አቶ በዛብህ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መሳቢያውንም አልከፈቱም። ስትወጣ ግን "ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ናሙናዎች የቆለፈባቸው የለም" አሉ፣ መስኮቱን እያዩ። ጥሩብርሃን አንደኛውን በፎጣ ጠቅልላ በዘንቢል አድርጋ በአውቶቡስ ኮልፌ ወሰደችው።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ቅዳሴ ያስቀደመውም፣ ያላስቀደመውም፣ ሱቁን የዘጋውም ነጋዴ በስም ጥሪ ተገኝቷል። ያልተገኘ ስኳር አያገኝም። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ከቀበሌዎች በላይ ያለው የከፍተኛው ካድሬ አምሐ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አብዮቱ ሳያገኘው በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ሰው ዓይን ውስጥ ይመለከታል፤ የሚለውንም ያምንበታል።

ከሊፋን በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሐል አምጥተው አቆሙት። ሱሪው ያለ ቀበቶ እየወረደ በአንድ እጁ ይዞታል። ዙቤዳ አየችው። ቀና ብላ ቆመች፤ ተቀመጪ ሲሏትም አልተቀመጠችም።

አምሐ የተሞረደውን በር ታሪክ ተናገረ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ጥቁር ደብተር አወጣ።

"ይህ ከተከሳሹ መኝታ ሥር የተገኘ ነው" አለ። "ከ1970 ጀምሮ በየስድስት ወሩ የተጻፈ የምስጢር ቁጥር አለበት። ስሙት። ጥር ሰባ፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ። ሐምሌ ሰባ፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ስምንት። ጥር ሰባ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት። ይህ የሬዲዮ ኮድ ነው! ለማን ነበር የሚተላለፈው?"

ጥሩብርሃን ከኋላ ረድፍ ላይ ሆና ቁጥሮቹን ስትሰማ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥሎ ነገሩ ተገለጠላት። ሳጥኗ ውስጥ በየሰኞው ስታየው የከረመችውን ነገር፣ ይህ ሰው በሜትር ሲለካው ኖሯል። እሷ ድንጋዩ ሲያድግ ለካች፤ እሱ ክፍተቱ ሲጠብ።

ተነስታ ቆመች። "ጓድ አምሐ፣ ኮድ አይደለም። ስፋት ነው።"

ሁሉም ዞረ።

"የበሩ አፍ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ማለት አምስት ሜትር ሊሞላ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲጎድለው ነው። ቢያነቡት ይቀንሳል እንጂ የትም ቦታ አይጨምርም። በዓመት ሦስት ሚሊሜትር ይጠባል። ጋሽ ከሊፋ፣ ተሳሳትኩ?"

"እስረኛ አይናገርም!" አለ አንደኛው ጠባቂ።

ከሊፋ ግን ተናገረ። "ለአለቆቼ ሃያ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ የኔ ልጅ። ግድብ እንዴት ይጠባል ብለው ሳቁብኝ።"

አምሐ ደብተሩን ገለጠ። በዓይኑ ወደ ታች ሲወርድ ሕዝቡ ፊቱን ያየዋል። ቁጥሮቹ በእርግጥ ይቀንሱ ነበር። ግን ወዲያው ደብተሩን ዘጋ። "የትኛው ኃይል ነው ኮንክሪትን የሚያንቀሳቅስ?"

ጥሩብርሃን ዘንቢሏን ይዛ በሰው መሐል እየተጋፋች ወደ ፊት ሄደች። ናሙናውን ከፎጣው ፈትታ መድረኩ ጫፍ ላይ አቆመችው። በጎኑ ያለው ስንጥቅ ነጭ ሙጫ አውጥቷል።

"ሽምብራ የዘፈዘፈ ሰው ያውቀዋል" አለች፣ ለካድሬው ሳይሆን ለሴቶቹ። "ጠርሙስ ሞልታችሁ ሽምብራ ብትጨምሩና ውሃ አፍስሳችሁ ብትደፍኑት ምን ይሆናል?"

"ይሰብረዋል!" አለች ከመሐል አንዲት ሴት። ጥቂቱ ሳቀ።

"ይኸው ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሽምብራው ነው። ግድቡ ደግሞ ሌት ተቀን ውሃ ውስጥ ቆሞ ይዋል ይደር እንጂ ማበጡ አይቀርም። ጋሽ ከሊፋ በሩን ባይሞርደው ኖሮ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይሄድ ነበር። ይህ ሰው መሸለም ሲገባው ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል።"

"የአብዮቱን ግድብ ታጥላያለሽ?" አለ አምሐ። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ከጩኸት የከፋ ነበር። "ሁለተኛው ምዕራፍ ሊመረቅ ዓመት በማይሞላበት ሰዓት?"

"ግድቡ አብዮተኛ መሆን አለመሆኔን አይጠይቀኝም። ያብጣል። ሁለተኛው ምዕራፍም ከዚያው ድንጋይ ከሆነ እሱም ያብጣል።"

ጥሩብርሃን ወደ ደብተሩ ጠቆመች።

"መጨረሻ የተጻፈው ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች።

አምሐ ሳይወድ ገለጠው። "ጥር ሰባ አምስት። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት።"

"ዛሬ ኅዳር ሰባ ስድስት ነው። እኔ ሎያን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን ነገ ሜትር ይዛችሁ ብትሄዱ የበሩ አፍ ከአራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት እስከ ሰባ አራት ነው። ሂዱና ለኩ።"

"ካልሆነስ?"

"ከእሱ ጋር እሰሩኝ።"

አምሐ ደብተሩን እንደገና ገለጠ። በውስጡ ያለው የጂኦግራፊ አስተማሪ በዚያ ሰዓት ከካድሬው ጋር ሲከራከር የነበረ ይመስላል። በመጨረሻ "እኔው ራሴ እሄዳለሁ" አለ። "አንቺ ግን እስክመለስ ከዚህ አትወጪም።"

"አልወጣም።"

ያስቀመጧት የቀበሌው ሱቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ባዶ የስኳር ማዳበሪያና የሳሙና ካርቶን አለበት። ሦስት ቀን ተቀመጠች። ዙቤዳ ጠዋት ምግብ ይዛ መጣች፤ ከዚያም አልሄደችም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው ሂጂ ቢላት፣ "ከሊፋን ስትወስዱት ቤቴ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ጠቀመኝ? አሁን እዚሁ ነኝ" አለችው። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጎረቤቶች አብረዋት ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ሆኑ፤ ጠባቂውም መናገሩን ተወ።

ጥሩብርሃን ግን ውስጥ ሆና ስትፈራ ነበር፤ ይህን አልደበቀችም። የፈራችው እስሩን አልነበረም። በሞቃት ሳጥን ውስጥ ያለ ድንጋይ ግድቡን ባይመስልስ? የከሊፋ ሜትር ተጣሞ የነበረ ቢሆንስ? ቁጥሩን በጣቷ አቧራው ላይ እየጻፈች ደጋግማ አሰላችው። ሁልጊዜ እዚያው ይደርሳል።

አምሐ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ጠባቂውን አስወጥቶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

"ተሳስተሻል" አለ።

ጥሩብርሃን ከማዳበሪያው ላይ ተነሳች። "ስንት ነው?"

"አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ።"

"ስንት ጊዜ ለኩት?"

"ሦስት ጊዜ። በሦስት ቦታ። በራሴ እጅ።"

ቁጥሩን አቧራው ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቀና አለች። "እንግዲያው ካልኩት የባሰ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን ጨምሯል።"

አምሐ ደብተሩን በእጁ ያገላብጠው ነበር። "አዲሱንም ግድግዳ አየሁት" አለ ቀስ ብሎ። "ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኳቸው። ከዚያው ካባ ነው። አሁን እኔ ይህን ማንን አምኜ ነው የምጽፈው?"

"እኔን አይመኑ። ሜትሩን ይመኑ። የለኩትን ብቻ ይጻፉ።"

በዚያው ዕለት ለቀቃት። ዙቤዳና ሴቶቹ ከመሐላቸው አስገብተው እስከ ቤቷ ሸኟት፤ አንዳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

አምሐ ጻፈ። ስሟን አልጠቀሰም፤ ከሊፋንም አላመሰገነም። "እኔ ለክቼ ያገኘሁት" ብሎ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የካባውን ነገር አስቀመጠና ወደ በላይ ላከው። ወረቀቱ በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም።

በሳምንቱ አቶ በዛብህ ጥሩብርሃንን ጠሯት። የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ፣ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ናሙና ይዛ በመውጣቷና ሕዝብ ፊት በመናገሯ ግለ ሂስ እንድታቀርብ ወስኗል። በጽሑፍ። አንድ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጧት። እዚያው ቆማ ጻፈች፦ "ከ4972 እስከ 4974 ይሆናል ብዬ ነበር። 4971 ሆኖ ተገኘ። ጥፋቴ አንድ ሚሊሜትር ነው፤ ለወደፊቱ እታረማለሁ።"

አቶ በዛብህ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህን ካቀረብኩ ከላቦራቶሪው ያስወጡሻል።"

"ያስወጡኝ።"

አስወጧት። ወደ ሲሚንቶ መጋዘን ተዛወረች፤ ሥራዋ የሚገባና የሚወጣ ከረጢት መቆጣጠር ሆነ። ማታ ስትመለስ ቅንድቧ ነጭ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ልብሱን ይሰበስብባታል። ለብዙ ወር ማሽኗ ትናፍቃት ነበር፤ አንዳንድ ቀን አኩርፋ ማንንም ሳታናግር ትውላለች። ተጸጽተሻል ወይ ብሎ ለጠየቃት ግን መልሷ አጭር ነበር፦ "አልተጸጸትኩም።"

መጋቢት ላይ ሁለት ነገር ሆነ። ወደ ሎያ ድንጋይ የሚጭኑት መኪናዎች አንድ ቀን ጠዋት ካባውን ትተው በሌላ መንገድ፣ ከሌላ ተራራ ማምጣት ጀመሩ፤ ምክንያቱን የተናገረ የለም። ከሊፋም ተፈታ፤ በሩ ተከፍቶ "ሂድ" ብቻ አሉት። ከእስር ቤቱ እስከ ቤቱ በእግሩ መጣ። ዙቤዳ ስታየው መጀመሪያ ያደረገችው ቀበቶ መፈለግ ነው።

ግንቦት ሲያልቅ አንድ ላንድሮቨር የከሊፋ ደጃፍ ቆመ። ከግድቡ አስተዳደር የተላከ ጥሩነህ የሚባል ሹም ወረደ። ዝናብ እየመጣ ነው፤ ሁለተኛው በር እንደገና መያዝ ጀምሯል፤ ጠባዩን የሚያውቅ ሌላ መካኒክ አልተገኘም። አቶ ከሊፋ ወደ ሥራዎ ይመለሱ፣ ደመወዝዎ ይቀጥላል አለ።

ከሊፋ በሩ ላይ እንደቆመ "ወረቀት እፈልጋለሁ" አለው።

"የምን ወረቀት?"

"በሩ የተቀረቀረው ኮንክሪቱ አብጦ ነው፣ ከሊፋ አሻጥር አልሠራም የሚል። ማኅተም ያለበት።"

"አቶ ከሊፋ፣ ያለፈው አልፏል። ክረምት እየገባ ነው እኮ!"

"ክረምቱ ሲገባ አውቃለሁ። እኔ ነበርኩ ገመድ ላይ የተንጠለጠልኩት።"

ሹሙ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ተሸነፈ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልዎ ሲል ከሊፋ "እኔ መካኒክ ነኝ፤ የኮንክሪቱን የምታውቀው ሲሚንቶ መጋዘን ናት" ብሎ ላከው። ጥሩነህ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ጥሩብርሃን ከረጢት ላይ ተቀምጣ ቃል በቃል አጻፈችው። "መጠነኛ የቴክኒክ ችግር" ብሎ ሊያስገባ ሲል "ሰርዘው" አለችው። "ኮንክሪቱ አብጧል፤ ማበጡንም ይቀጥላል። በየስድስት ወሩ መለካት፣ በሩም በየጊዜው መስተካከል አለበት። እንዲህ ብለህ ጻፍ።" ሰረዘው። ጻፈ።

ደብዳቤው ተተይቦ ማኅተሙ ተመታበት። ከሊፋ ፌርማታው አጠገብ ቆሞ ለዙቤዳ ሁለት ጊዜ አነበበላትና መሣሪያውን ይዞ ላንድሮቨሩ ላይ ወጣ። በዚያ ክረምት የሎያ ሁለተኛ በር ስድስት ጊዜ ተከፈተ፣ ስድስት ጊዜም ተዘጋ።

ዙቤዳ ግን በአንድ ደብዳቤ አልረካችም። ታይፒስቷን ለምና በካርቦን አራት ቅጂ አስወጥታ ነበር። ከሊፋ በሄደ በማግስቱ ጠዋት አንደኛውን የቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ሰው ለስኳር የሚሰለፍበት ቦታ፣ በሊጥ ለጠፈችው። ሰልፈኛው እየተጠጋጋ አነበበ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ቀደደው። ዙቤዳ ሰማችና ሊጧን ይዛ ተመለሰች፤ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ላይ ለጠፈችና የሚቀድደው እስኪመጣ ከጎኑ ቆመች።